ጓሳን ሳይረግጡ ስለ ጓሳ መጻፍ፦ በሰሜን ሸዋ ልጆች መድረክ ላይ የተነሳው የሳይቴሽን ክርክር

በመድረኩ ላይ ክሩን፣ ማለትም ተከታታዩን የጽሑፍ ውይይት፣ የከፈተው የመንዝ ልጅ ነው፤ አሁን ከአገሩ ርቆ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምህዳር ያስተምራል። ጥያቄው ረጅም ነበር፤ ሲያጥር እንዲህ ነው። በኢኮሎጂካል ሞዴሊንግ፣ ማለትም ተፈጥሮን በኮምፒውተር ስሌት በማስመሰል፣ ስሙ የገነነ አንድ ተመራማሪ አለ። መምህሩ የሰውየውን የጎግል ስኮላር ገጽ ሲከፍት የሳይቴሽኑ ብዛት (ሌሎች ጸሐፊዎች ሥራዎቹን የጠቀሱበት ጊዜ) የእሱ ዲፓርትመንት መምህራን ሁሉ ተደምረው የማይደርሱበት ሆኖ አገኘው። ከጽሑፎቹ አንዱ የአየር ንብረቱ እየሞቀ ሲሄድ የደጋ እንስሳትና ዕፅዋት ወዴት እንደሚሸሹ የሚተነብይ ነው። ካርታው ላይ የመንዟ ጥብቅ የሣር ምድር ጓሳም ቀለም ተቀብታ ተቀምጣለች። መምህሩ እስከሚያውቀው ድረስ ግን ሰውየው መንዝን ረግጦ አያውቅም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሳይቴሽን የሚለካው ምኑን ነው? ለደረጃ ዕድገት ፋይል የሚያስገባ የአገር ቤት መምህርስ በዚያው ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት ወይ? የተመራማሪውን ስም አልጻፈም። ይህ በኋላ ጣጣ አመጣ።

መልሶቹን በቁጥራቸው አወሳቸዋለሁ። ከመሬት አዋጁ በቀር የማነሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰላምታ ብቻ የጻፉትንና «እየተከታተልኩ ነው» ለማለት የገቡትን ዘልያቸዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሚሠሩ አንዲት ሴት ነበር፤ ትሕትናቸው ለቀረው ክር ሁሉ በበቃ። ጠያቂውን ካመሰገኑ በኋላ ቁጥሩ ከየት እንደተወሰደ ለይቶ እንዲናገር ጠየቁት። ያንኑ ሰው ሳይቴሽን የሚቆጥሩት ጎግል ስኮላር፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ በሦስት የተለያየ ቁጥር ያሳዩታል። ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ የድርጅት ሪፖርቱንም፣ በኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ረቂቅም ስለሚቆጥር ብዙ ጊዜ ትልቁ የእሱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሚቆጥሩት መርጠው ካስገቧቸው መጽሔቶች ነው። የእኛ አገር መጽሔቶች አብዛኞቹ ከምርጫው ውጭ ስለሆኑ፣ እዚህ ታትሞ እዚሁ የተጠቀሰ ሥራ በእነሱ ዘንድ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

መልስ 2 ኤች-ኢንዴክስን፣ የጽሑፎችን ብዛትና የተጠቀሱበትን ጊዜ በአንድ ቁጥር የሚያጣምረውን መለኪያ፣ ያስረዳ የፊዚክስ መምህር ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኾርኼ ሂርሽ የሙያ ባልደረባው በመሆኑ ትንሽ ኮራ ያለ ይመስላል። ምሳሌው ግን ግልጽ ነበር። አምስት ጽሑፍ ያለው ሰው አንዱ 40 ጊዜ፣ ሌሎቹ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱለት ኤች-ኢንዴክሱ 4 ነው፤ ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች አሉትና። 40 ጊዜ የተጠቀሰው ወደ 4,000 ቢያድግ እንኳ ኤች-ኢንዴክሱ ከ4 ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የሰውየውን ጠቅላላ ሳይቴሽን ከኤች-ኢንዴክሱ ጋር አስተያይቶ ማየት ይገባል። ጠቅላላው ሰማይ ነክቶ ኤች-ኢንዴክሱ ዝቅ ካለ፣ ዝናውን የተሸከሙት አንድ ወይም ሁለት ጽሑፎች ናቸው ማለት ነው። ይህን ነጥብ ከልቡ ያነበበ ሰው በኋላ የመጣውን ጭቅጭቅ ግማሹን ባልገባበት ነበር።

መልስ 3 ላይ ድባቡ ተቀየረ። ስሙን ያልገለጸ ሰው ጉዳዩን ሁሉ በአንድ ቃል ቅናት አለው። ሰውየው ሠርቶ ተጠቀሰ፤ ያልሠራ ደግሞ መለኪያውን ይከሳል። ስም ሳይጠሩ ማማት የወንድ ሥራ እንዳልሆነም አክሎ፣ የተመራማሪውን ማንነት በግልጽ እንዲጻፍ ጠየቀ።

መልስ 4 የጠያቂው ነው። እንዳልቀና፣ የሰውየውን ሥራ ለተማሪዎቹ እንደሚያስተምርበት፣ ጥያቄው ስለ ሚዛኑ እንጂ ስለ ሰውየው ስላልሆነ ስሙን እንደማይጠራ በእርጋታ ገለጸ። ያም ሆኖ መከፋቱ ከአጻጻፉ ያስታውቅ ነበር።

መልስ 5 ለእኔ የክሩ ምሰሶ ነው። ጸሐፊዋ ለዶክትሬት ዲግሪዋ የዝርያ ሥርጭት ሞዴል የሠራች የደብረ ሲና ልጅ ነች። ሞዴል ሠሪዎች ለምን ይህን ያህል እንደሚጠቀሱ ከሥሩ አስረዳች። ኢኮሎጂካል ሞዴሊንግ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1975 በዴንማርካዊው ስቨን ኤሪክ ዮርገንሰን ተመሠረተ። እዚያው መጽሔት ላይ በ2006 ስቲቨን ፊሊፕስ፣ ሮበርት አንደርሰንና ሮበርት ሻፓየር ማክስኤንት የሚባለውን ዘዴ አወጡ። ዘዴው አንድ ዝርያ የታየባቸውን ቦታዎች ብቻ ተቀብሎ፣ በአካባቢው ካለው የአየር ንብረትና የመልክዓ ምድር ሁኔታ ጋር እያነጻጸረ፣ ዝርያው ሌላ የት ሊኖር እንደሚችል ይገምታል። ዝርያው የሌለባቸውን ቦታዎች ዞሮ ማረጋገጥ አያስፈልገውም። ሶፍትዌሩ በነፃ ስለተለቀቀ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ብራዚል ስለ ወፍም ስለ አረምም ስለ ወባ ትንኝም የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ተማሪ ሁሉ በዘዴው ክፍል ውስጥ ያንን ጽሑፍ ይጠቅሳል። ሳይቴሽኑ ከአሥር ሺህ በላይ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት የወጣው የእነ ፎልከር ግሪም ጽሑፍም እንዲሁ ነው። እሱ የሚያቀርበው ስለ እንስሳ ወይም ስለ ደን የተገኘ ግኝት ሳይሆን፣ እያንዳንዱን እንስሳ ወይም ዛፍ ለየብቻ የሚያስመስሉ ሞዴሎች እንዴት ተዘርዝረው መጻፍ እንዳለባቸው የሚያሳይ ሥርዓት ነው። መሣሪያ የሚሠራ ሰው መሣሪያውን ባነሳ ሰው ሁሉ ይጠቀሳል፤ ስለ አንድ ተራራ የጻፈ ግን የሚጠቀሰው ያ ተራራ በሚያሳስበው ሰው ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማወዳደር እንደማይገባ ስታሳርግ መልስ 2ን መለስ ብላ ጠቅሳለች።

ይህች ጸሐፊ ሌላም ነገር ነካክታለች፤ ብዙዎች ግን አለፉት። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች የሚመገቡት ወርልድክላይም የተባለው የአየር ንብረት ዳታ ከየሜትሮሎጂ ጣቢያው የተሰበሰበውን እየዘረጋ ለዓለም ሁሉ ይገምታል። በጣም የጠራ በሚባለው ካርታው እንኳ የእያንዳንዱ ካሬ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሜዳ አገር ይበቃ ይሆናል። በጣርማ በር ግን ገደሉ አፍ ላይ ውርጭ ይመታል፤ እዚያው ካሬ ውስጥ ቁልቁል ሲወረድ ሌላ አየር አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አናት ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ለመድረስ መኪና ብዙ አይፈጅበትም። ሞዴሉ ያን ሁሉ በአማካይ ይውጠዋል።

መልስ 6 ከባሶና ወራና የግብርና ባለሙያ ነው፤ ክሩን ከጓሳ አንዲት ጥድ ወደምትባለው ቦታ አመጣው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ እገዛ እዚያ ጣቢያ የከፈተው በ1981 እንደነበር አስታውሶ፣ ዝናቡንና የወንዙን ፍሰት የሚለኩት የአካባቢው ሰዎች እንደነበሩ አወሳ። አንዱ የቤተሰቡ ጎረቤት ነበሩ። ክረምት ሌሊት ዶፉ ሲወርድ እሳቸው ከእሳት ዳር ተነስተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በፋኖስ ወደ መለኪያው ይወርዱ ነበር፤ ደለሉ ውኃው ከመጥራቱ በፊት በጠርሙስ መቀዳት ነበረበትና። ያ መዝገብ ዛሬ በብዙ የሞዴል ጽሑፎች ውስጥ አለ። የሰውየው ስም ግን በአንዱም የለም። መልሱ የተዘጋው በጥያቄ ነበር፤ እኚህ ሰው በኤች-ኢንዴክስ ስንት ናቸው?

መልስ 7 እርማት ብቻ ነው፦ ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1981 ነው፤ የአንዲት ጥዱ ጣቢያ ግን በ1982። መልስ 6 አመስግኖ አስተካከለ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚህ ክር ውስጥ ከዚህ በኋላ ብዙም አልታየም።

መልስ 8 የውኃ ምህንድስና ያጠና ሰው ነው፤ መልስ 6ን ደግፎ ነገሩን አሰፋው። በአሜሪካ ለአሜሪካ ማሳ የተሠሩ ቀመሮች ወደ እኛ ደጋ ሲመጡ ብዙ ጊዜ አልሠሩም። የአፈር መከላቱን ቀመር ሃንስ ሁርኒ በ1985 ለኢትዮጵያ ያስማማው የፕሮግራሙን ጣቢያዎች ልኬት ይዞ ነው። ኋላም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር ተመራማሪዎች የአንዲት ጥድን እና የሌሎቹን የፕሮግራሙን ጣቢያዎች፣ የአንጀኒንና የማይባርን፣ መዝገብ መርምረው፣ ጎርፉ በአመዛኙ የሚመነጨው ዝናቡ ከአፈሩ የመምጠጥ አቅም በልጦ እንዳልሆነ አሳዩ። ተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር አብዛኛውን ዝናብ ይመጠዋል። ጎርፉ የሚነሳው ከግርጌ ውኃ ከጠገበው መሬትና አፈሩ ተሸርሽሮ ድንጋዩ ከቀረበበት ቦታ ነው። ይህ ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው፤ እርከኑ የት ቢሠራ እንደሚጠቅም ይናገራልና። ነገር ግን ጽሑፎቹ ከወጡባቸው መጽሔቶች ገሚሶቹ በክፍያ የሚከፈቱ ናቸው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለውን ተረት ያመጣው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ማብራራትም አላስፈለገው።

መልስ 9፣ 10 እና 11 ከመንገድ ወጥተው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ሆኑ። አንዱ ጭላዳ የገብስ ማሳውን እንዳወደመበት አማረረ። ሌላው ጓሳ ላይ በተሠራና በ2015 በወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 ከመቶ ያህል እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከ25 ከመቶ እንደማያልፍ ነግሮ አስደነቀን። ሦስተኛው ቀበሮው ከጭላዳ ጋር መስማማቱን ሰምቶ እኛ መልስ 3ን ከጠያቂው ጋር ማስታረቅ እንዳቃተን ቀለደ። እኔ ወደዚህ መንገድ መውጣቱ አልከፋኝም። የቀበሮው ጥናት ከቢሮ የሚሠራ አይደለም፤ ብርድ ላይ ቆሞ ቀበሮ የሚቆጥር ሰው ይጠይቃል። አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ከ500 በታች በመሆናቸውም ስለ እነሱ የሚጽፈው፣ እንግዲህም የሚጠቅሰው ሰው ጥቂት ነው።

መልስ 12 ከመሐል ሜዳ የሆኑ አንድ አባት ያጻፉት ነው፤ የጻፈላቸው ልጃቸው መሆኑን በመግቢያው ገልጿል። ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየችው በአየር ንብረቷ ብቻ እንዳልሆነ ተናገሩ። የአስቦና የጌራ አጽመ ርስት ባለቤቶች አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል። በእኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሣሩ ራሱ ይመሰክራል። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መለሰው። ታዲያ ይህ በተመራማሪው ካርታ ውስጥ የት ነው ያለው? ጥያቄያቸው ከመልስ 6 ጥያቄ የተለየ ነው፤ ለእኔ እንዲያውም ይከብዳል። መልስ 6 የጠየቀው ስለ ክብር ነው፤ እሳቸው ግን ስለ ትክክለኛነቱ።

መልስ 13 ያችው የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ አባት ብላ በአክብሮት መለሰችላቸው። የቦታ ካርታ የሌለው ነገር ሞዴል ውስጥ እንደማይገባ አመነች። ሙቀትና ዝናብ በካርታ ይገኛል፤ ሣር ማን በየት ዓመት እንደዘጋ ግን በካርታ አይገኝም። ስታቲስቲሺያኑ ጆርጅ ቦክስ በ1976 ሞዴል ሁሉ ስህተት መሆኑን መጻፉንም አስታወሰች። ቁም ነገሩ ስህተቱ የት ጋ እንደሚጎዳ ማወቅ ነው። ለጓሳ የሚጎዳው ሰውን መርሳቱ ላይ እንደሆነ ሳታቅማማ ተቀበለች።

ከዚያ መልስ 14 መጣና ሁሉንም ረበሸው። ሳይቴሽን ዕቁብ ነው፤ ዛሬ እኔ እጠቅስሃለሁ፣ ነገ አንተ ትጠቅሰኛለህ። ራሳቸውን የሚጠቅሱ፣ አንድ ጥናት ለአራት ቆራርጠው የሚያሳትሙ፣ የሌላውን ጽሑፍ ከኅትመት በፊት ሲገመግሙ የራሳቸው እንዲጠቀስ የሚያስገድዱ ሰዎችን ዘረዘረ። እሱ ራሱ ከደመወዙ ከፍሎ ያሳተመበት መጽሔት ድረ ገጹን ዘግቶ ጠፍቷል፤ ለደረጃ ዕድገት ያቀረበው ሊንክም ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ምሬቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሞዴል ሠሪዎችን ሁሉ በአንድ ከረጢት ማጎሩ ልክ አልነበረም፤ ማክስኤንትን የተጠቀመ ተማሪ ደራሲዎቹን የሚጠቅሰው ተደራድሮ አይደለም።

መልስ 15 ላይ ያው የመልስ 3 ሰው ተመለሰ። አንባቢ ያጣ ሁሉ አንባቢ ያለውን ሌባ እንደሚል፣ መጽሔቱን ሳይመረምር ገንዘብ የከፈለ ሰው የራሱን ስንፍና እንዳሳወቀ ጻፈ። መልስ 16 መሰደብን በስድብ መለሰ፤ የመድረኩ ጠባቂ ከፊሉን አነሳው።

መልስ 17 እነዚያው የቤተ መጻሕፍት ሴት ናቸው፤ እሳቱን ለማብረድ ታሪክ ይዘው መጡ። ዩጂን ጋርፊልድ የሳይቴሽን መዝገብን ሐሳብ በ1955 ሲያቀርብ ዋና ዓላማው ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር አገናኝቶ ፍለጋን ማቅለል ነበር። ኢምፓክት ፋክተርም ቢሆን መጽሔትን ለመምረጥ እንጂ ሰውን ለመመዘን አልተበጀም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚፈላ የሕክምና ዘርፍ በዚህ ይጠቀማል። የመስክ ሥነ ምህዳር ግን ፍሬው ዘግይቶ ስለሚታይ ይጎዳል፤ እንደ አንዲት ጥድ ያለ መዝገብ የሚጠቅመው ሲያረጅ ነው። ተመራማሪን በመጽሔቱ ኢምፓክት ፋክተር መመዘን እንዲቀር በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተረቀቀው መግለጫና በ2015 የወጣው፣ አሥር መርሆች ያሉት የላይደን ማኒፌስቶ ለደረጃ ዕድገት ኮሚቴዎች ቢነበቡ እንደሚጠቅሙ መከሩ። ከማኒፌስቶው መርሆች አንዱ በአካባቢ ቋንቋና ለአካባቢው ጥቅም የተሠራ ምርምር እንዲጠበቅ የሚል ነው፤ ይህን አጠንክረው ጻፉት። ለመልስ 14ም ጎጆ ቀለሱለት፦ የነፃ መግቢያ ያላቸው አጎራና ኦኤአርኢ የተባሉ የመጽሔት አገልግሎቶች ለአገራችን ተቋማት ክፍት መሆናቸውንና ብዙ አሳታሚዎች ከድሃ አገር ለሚጽፍ ሰው የኅትመት ክፍያውን እንደሚያነሱ ነገሩት።

መልስ 18 አጭር ግን ስል ነው። መግለጫው ያምራል፤ ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቀው ግን ያው የስኮፐስ ዝርዝር ነው። ብዙ ሰው ይህን በመደገፍ ምልክት አደረገበት።

መልስ 19 የግብርና ባለሙያው፣ ማለትም መልስ 6፣ የአባትየውንና የራሱን ጥያቄ ወደ ተግባር ሊያመጣ ሞከረ። በየቀበሌው የገበሬዎች ማሰልጠኛ የዝናብ መለኪያ መዝገብ አለ፤ በደብተር ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ይበላሻል። ጓሳም ሣሩ የተዘጋበትና የተከፈተበት ዓመት በሽማግሌዎች ይታወሳል። ይህ ተሰብስቦ ቢታተም ማን ይጠቀስበታል? የደብረ ሲናዋ ልጅ በመልስ 20 ቀጥተኛ መንገድ አሳየችው። ዳታን ራሱን በቋሚ መለያ ቁጥር ማስመዝገብ ይቻላል፤ የዝርያ መዝገብ ሲሆን ደግሞ ጂቢአይኤፍ በተባለው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ቋት ይገባል። የሰብሳቢው ስም ከመዝገቡ ጋር ይጓዛል፤ ሞዴል የሚሠራውም ሰው መዝገቡን በተጠቀመበት ቦታ ሊጠቅሰው ይችላል። ለኤች-ኢንዴክስ ብዙ ላይረዳ ይችላል። ሆኖም ለሌሊቱ ለኪ ስም ይሰጠዋል። እሷ ራሷ የመጀመሪያውን ደብተር ለመተየብ ፈቃደኛ መሆኗን አስታወቀች። ዘንድሮ በልግ ስለጠፋ ባለሙያው ጊዜ እንዳለው መለሰላት፤ ያ ደግሞ አሳዛኝ ቀልድ ነበር።

መልስ 21 ጠያቂው ነው። ሁለቱም አብረውት እንዲጽፉ ጋበዘ፤ አባትየውም በአማካሪነት ሳይሆን በደራሲነት እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀረበ። ስለ ደረጃ ዕድገቱ ምንም አላለም።

መልስ 22 ከመልስ 3 ነው። እንደገና ስም እንዲጠራ ጠይቆ፣ ራሱ ሦስት ስም ገመተ። ጠባቂው ሦስቱንም ሰረዛቸው። ጠያቂው አልመለሰም፤ በእኔ አስተያየት ደግ አደረገ።